ጊዜ ቀጠሮ ላይ ዳኛው የሚወስኑት ምኑን ነው? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኑ፦
ሰላም ለቤቱ። ሰው ተይዞ ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ሲቀርብ ዘመድ ኮሪደሩን ሞልቶ ይጠብቃል። ዳኛው መርማሪውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰሙና «10 ቀን ፈቅደናል» ይላሉ፤ እናት «ልጄ ተፈረደበት» ብላ እያለቀሰች ትወጣለች። ተፈርዶበታል እንዴ? ዳኛው በዚያች አጭር ጊዜ የሚመዝኑት ምኑን ነው? የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት 48 ሰዓቱስ ቅዳሜና እሁድን ይቆጥራል ወይስ ይዘላል? ደግሞ እኛ ጋ የፌዴራሉም የከተማውም ፍርድ ቤት ስላለ ግራ ያጋባል። የምታውቁ በአንቀጽ ብታስረዱን።

መዝገብ ገላጭ፦
አልተፈረደበትም። የጊዜ ቀጠሮ ዳኛ «አድርጓል ወይስ አላደረገም» የሚለውን ጥያቄ አይነኩትም። ፊታቸው ያለው ሌላ ነው፦ ፖሊስ ቀሪ ምርመራውን እስኪጨርስ ይህ ሰው የግድ ታስሮ መቆየት አለበት ወይ? ካለበትስ ስንት ቀን? ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ የመናገር ዕድል ሲሰጠው «እኔ ንጹሕ ነኝ፣ ሰፈሩ ይመስክር» እያለ ያባክነዋል።

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። 14 ጣሪያ ነው እንጂ ለፖሊስ የተቆረጠ ድርሻ አይደለም፤ ሥራው 3 ቀን የሚበቃው ከሆነ 3 ቀን ይሰጣል። ሕጉ ያልገደበው ቀጠሮው ስንቴ ሊደጋገም እንደሚችል ነው። ሰው ክስ ሳይመሠረትበት ወር ሁለት ወር የሚከርመው በዚህች ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በእኔ እይታ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይበልጥ ወሳኝ ናቸው።

የመርማሪው ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው፦ «የቀሪ ምስክሮችን ቃል ለመቀበል፣ የሕክምና ማስረጃ ለማምጣት፣ ግብረ አበር ለመያዝ»። ያንኑ ገጽ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ካመጣ፣ ጠበቃው ወይም ተጠርጣሪው ራሱ ነጥብ በነጥብ ይያዘው። ባለፈው ቀጠሮ የስንት ምስክር ቃል ተቀበሉ? ስንት ቀረ? የሕክምና ማስረጃው ያለው ሆስፒታል ነው፤ የእኔ መታሰር እሱን ለማምጣት ምን ይረዳል? ማስረጃ ያጠፋል ከተባለ የቱን ማስረጃ፣ በምን መንገድ? መልሱ መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ ብሎ ማመልከትም አይከፋም፣ በኋላ ለይግባኝ ይጠቅማል። ጠንቃቃ ዳኛ የምርመራ መዝገቡን ራሱን አስቀርበው ገልጠው ያያሉ፤ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ አንድ ገጽ እንኳ ካልተጨመረበት ለተጨማሪ ቀን ምክንያት የለም። ይህን ሳይጠይቁ የሚፈቅዱ ዳኛ ከቀን መቁጠሪያ አይለዩም።

ዋስትናን በተመለከተ ቁጥር 67 ሦስት መከልከያ ይዘረዝራል፦ ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ ከመሰለ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ከተገመተ፣ ምስክር የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ ከሆነ። ቁጥር 63 ደግሞ የወንጀሉን ክብደትና የተጎጂውን በሕይወት መኖር ይመለከታል። በድብደባ መዝገብ ላይ «ተጎጂው ከአደጋ ውጪ ነው» የምትል የሐኪም ወረቀት ስንት ነገር የምትፈታው ለዚህ ነው። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል፣ ቁጥር 75።

ገንደ ቆሬ፦
አቦ፣ ስለ 48 ሰዓቱ እኔ ልበል። ቅዳሜና እሁድ አይዘለልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) ከቆጠራ የሚያወጣው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ያለውን የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ከዋሂል ወይም ከቢዮ አዋሌ ገጠር የመጣ ሰው ጥቂት ሰዓት ይታሰብበት ይሆናል፤ ከሳቢያን ወይም ከደቻቱ ግን በባጃጅ ይደረሳል፣ ምን ጉዞ አለው? ቅዳሜ 10 ሰዓት ከቀትር በኋላ የተያዘ ሰኞ 10 ሰዓት ላይ ይሞላዋል። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት የተያዘ ግን እሁድ ማታ ነው የሚሞላው፤ ሰኞ ጠዋት ቢቀርብም አልፏል።

ሰዓቱ የሚጠፋው እዚህ ነው፦ ጣቢያ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የገባበት ሰዓት ሲሆን ሕጉ የሚቆጥረው ከተያዘበት ነው። መንገድ ላይ ወይም ሌላ ቢሮ ያሳለፈው ስድስት ሰባት ሰዓት በዚህ ይዋጣል። ያየ ሰው ወዲያው ሰዓቱን በወረቀት ይያዘው፤ ችሎት ላይ መጀመሪያ የሚነገረውም ይሄው ይሁን።

ደግሞ ሁሉም ነገር ዳኛ ፊት መድረስ የለበትም። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ወንጀል መፈጸሙ ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ ፖሊስ በቁጥር 28 መሠረት በዋስ መልቀቅ ይችላል። «የመታወቂያ ዋስ» የምንለው በዚህ ውስጥ ነው። ለቃላት ጠብ ዓይነት ነገር ጣቢያው ላይ መታወቂያ ያለው ሰው ይዞ መቅረብ ችሎት ከመጠበቅ ይቀላል።

ጀጎል በር፦
ሥልጣኑን በመንገዱ ላስረዳችሁ፣ ከድሬ ሐረር ሲኬድ ፍርድ ቤቱ ሁለት ጊዜ ይቀያየራልና። ኮንትሮባንድ የጫነ ሹፌር እንውሰድ፤ የጉምሩክ ወንጀል የፌዴራል ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከተያዘ እዚያው ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ያየዋል። ሐረማያ ላይ ከተያዘ ኦሮሚያ ነው፣ ሐረር ላይ ከተያዘ የሐረሪ ክልል ነው። በሁለቱም ቦታ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጊዜ ቀጠሮው ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ቅርብ ባለው ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ቤተሰብ «መዝገቡ ጠፋ» ብሎ የሚንከራተተው ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

የድሬ የከተማ ፍርድ ቤት በቻርተሩ፣ በአዋጅ 416/1996፣ የቆመ ሲሆን የራሱ ይግባኝ ሰሚ አለው። ከከተማው መጀመሪያ ደረጃ የወጣን ትእዛዝ ይዞ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ቀን ማቃጠል ነው። የትእዛዙን ራስጌ አንብቡ፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ችሎቱ፣ የመዝገብ ቁጥሩ። እነዚህን ሦስቱን ሳይዙ ከግቢው አትውጡ።

የሳቢያኑ፦
እግዜር ይስጥልን። ዋስትና ከተፈቀደስ በኋላ? ዓርብ ተፈቅዶ ሰኞ የሚወጣ ሰው ለምን በዛ?

መዝገብ ገላጭ፦
ወረቀት ሳይሟላ ስለሚመጣ ነው። ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ፈጣኑ ነው፤ ከፍሎ ደረሰኙን መዝገብ ላይ ማያያዝ ብቻ። በደመወዝ ዋስ ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ለዚያው ፍርድ ቤት የተጻፈ፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የደመወዙን ልክ የያዘ መሆን አለበት፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ይመለሳል። በቤት ካርታ ወይም በሊብሬ ከሆነ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ማረጋገጫ ይጠየቃል፣ ባለትዳር ከሆነም የሁለቱም ፊርማ። ብዙ ዋስ የሚወድቀው በዚህች ፊርማ ነው። ከዚያ የመፍቻው ትእዛዝ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የተፈቀደ ዋስ በዚያው ቀን ለመጨረስ ሩጫ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከአቅም በላይ ከሆነ ዳኛው መጠኑን ሲወስኑ የተጠርጣሪውንና የዋሱን አቅም እንዲያዩ ቁጥር 69 ያዛልና ይቀነስልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል።

ትእዛዙ ደርሶት፣ የበላይ ፍርድ ቤት እግድም ሳይኖር ጣቢያው አልለቅም ካለ፣ የሚቀርበው ሌላ ዋስትና ሳይሆን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 177።

ጀጎል በር፦
አንድ ያልተነሳ። «ዳኛ ፊት ቃል ስጥ» ከተባለ ያ ጊዜ ቀጠሮ አይደለም፣ በቁጥር 35 የእምነት ቃል መቀበል ነው። ዳኛው ቃሉ በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን ጠይቀው ሳያረጋግጡና ያንን መዝገብ ላይ ሳያሰፍሩ መጻፍ አይችሉም፤ የተጻፈውም ይነበብለታል። ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚችል ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ በአማርኛ «አዎ፣ አዎ» እያለ የሰጠውን ቃል በኋላ ማስተባበል ከባድ ነው።