የአደጋ ሥነ ልቦና ማስተርስ ይከፈት ወይስ የጤና ጣቢያዋን ነርስ እናሠልጥን?

የሳይካትሪ ነርስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ላቅርብና ፊት ለፊት ተከራከሩኝ። በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ሥነ ልቦና፣ ማለትም አደጋ የደረሰበትን ሰው አእምሮ መደገፍ የሚያስተምር ሁለተኛ ዲግሪ እንክፈት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ግማሹ «እንዲያውም ዘግይተናል» ይላል። ግማሹ ደግሞ ገንዘቡ ለጤና ጣቢያ ነርሶች ሥልጠና ይዋል ባይ ነው። እኔ ይከፈት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬቱ ተናደና ሰው ተቀበረ፤ ጎረቤቱ ያንን ለማውጣት በአካፋና በእጁ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሳምንታት በኋላ ለድጋፍ ከሄዱት አንዷ ነበርኩ። መጠለያው ውስጥ አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ሳለ የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደ አንድ ልጅ ፎርም ይዞ መጣ። በአስተርጓሚ «ልጅሽ ሲቀበር ያየሽውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። ጻፈ፤ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ድንኳን ሄደ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች እስኪመሽ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። በሌላው ዓለምም ከአደጋ በኋላ ሰውን አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማናገር ለብዙ ዘመን እንደ ሕክምና ይቆጠር ነበር። ከ20 ዓመት በፊት ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከለክል፣ አንዳንዱን ሰው ጭራሽ እንደሚያብስበት ታወቀ። ይህን የሚያውቅ፣ ያንን ልጅም የሚቆጣጠር ሰው በቦታው አልነበረም።

የወረዳ ጤና መኮንን፦ እህቴ፣ ታሪኩ ልቤን ነክቶታል፤ ግን የደገፈው የእኔን ሐሳብ ነው። ልጁ የጎደለው ዲግሪ አይደለም። «ራሷ ካላነሳችው አትጠይቃት» የሚል አንድ መመሪያ ነው የጎደለው። ለዚህ ሁለት ዓመት ክፍል መቀመጥ አያስፈልግም።

እኔ ባለሁበት ወረዳ ሳይካትሪስት ታይቶ አይታወቅም። በጉራጌ በኩል ሶዶ ወረዳ ላይ ግን የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ እንደሚቻል ታይቷል። እዚያው ዞን በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ባለሙያ ሲታከሙ ሳይካትሪ ነርስ ካከመቻቸው ያነሰ ውጤት አላመጡም። ታዲያ ለምን ከላይ እንጀምራለን? ለማስተርሱም ቢሆን ጅማና ጎንደር የአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ እዚያው ላይ አንድ ኮርስ ጨምሩ። አዲስ የሚከፈተውን የሚጨርስ ሰው በሁለተኛ ዓመቱ አዲስ አበባ ኤንጂኦ ቢሮ ነው፤ በአምስተኛው ውጭ አገር።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ያነሳኸው ጥናት እውነት ነው። ግን ጤና ጣቢያዎቹን ማን አሠለጠናቸው? ሲቸገሩ ማንን ጠየቁ? ከኋላቸው ስፔሻሊስቶች ነበሩ። ሰዎቹ ከየት እንደመጡም እናስታውስ። ቀድሞ ሐኪም ሳይካትሪ ለመማር ውጭ ይላክ ነበር፤ ብዙው በዚያው ቀረ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር ነው አብዛኞቹ ተመራቂዎች አገራቸው የቀሩት። ሰው ይሄድብናል ብለን ከፈራን መፍትሔው እዚህ ማስተማር ነው።

የወረዳ ጤና መኮንን፦ አገር ቤት ቀሩ ማለት ወረዳ ቀሩ ማለት አይደለም፣ መምህር።

ከዴንቨር፣ አሜሪካ፦ እኔ ያለሁበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ትምህርት በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል፤ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። እዚህ የሚሰጠውን እንዳለ ቀድቶ መውሰድን አልደግፍም። የ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) ሱናሚ ጊዜ ስሪላንካ ቋንቋውን በማያውቁ የውጭ አማካሪዎች ተጥለቅልቃ ነበር። እኛም ጎፍኛ ወይም አፋርኛ የማይችል ባለ ማስተርስ አምርተን ከላክን ልዩነቱ ፓስፖርቱ ብቻ ነው።

የእድር ጸሐፊ፦ ልጆቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። 30 ዓመት ግን እድር መርቻለሁ፤ መርዶም ስንቱን አርድቻለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልናገር።

መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፤ ማን ይግባ፣ ማን አጠገቧ ይቀመጥ ተብሎ ይመከራል። ልብ ድካም ያለበት ካለ አስቀድሞ ይታወቃል። ማታ አይነገርም፤ ቢያንስ ያቺን ሌሊት ትተኛ ይባላል፤ ማለዳ ነው የሚገባው። ሲነገር ደግሞ ራሷን እንዳትጎዳ የሚይዟት እጆች ዝግጁ ናቸው። ከዚያ ድንኳን ይተከላል፤ ሰው ለቀናት ብቻዋን አይተዋትም። ዛሬ እናት የልጇን ሞት በስልክ፣ አስከሬኑን በፌስቡክ ፎቶ እያየች ነው የምትረዳው። ይህን ማን ያስተምር?

ሌላው ደግሞ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰው ሞተ፤ ለቤተሰብ ከስፍራው የተወሰደ አፈር ነው የተሰጠው፤ የተቀበረውም ባዶ ሣጥን ነው። ከዚያ በፊት መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ሬሳ እስኪወጣ ስንት ቀን ተጠበቀ። ያልተገኘለት ሰው አርባው ከየት ይቆጠራል? «ምናልባት ይኖር ይሆናል» እያለች በር የምታይ እናት ለቅሶዋ መቼ ነው የሚያልቀው? እድር ለዚህ መልስ የለውም። እናንተ ካላችሁ ትምህርት ቤቱን ክፈቱ፤ ከሌላችሁም ለመፈለግ ክፈቱት።

የወረዳ ጤና መኮንን፦ ጋሼ፣ ይህኛው አፌን አስይዞኛል። በሦስት ቀን ሥልጠና የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ አምናለሁ። ግን ቃሌን ሙሉ በሙሉ አላነሳም። አደጋ የደረሰበት ሰው አብዛኛው የሚፈልገው እንቅልፍ፣ እህል፣ ዘመዱን ማግኘትና የሚቀመጥበት ቤት ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ የአእምሮ ጤና መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው። ለጥቂቱ ብለን ብዙውን እንዳንረሳ።

የሳይካትሪ ነርስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ አንተንም ሰምቼሃለሁ። መጠለያው ውስጥ አንድ አባወራ ነበር፤ ዝናብ ድንኳኑ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ልጆቹን አቅፎ ወደ ሜዳ ይወጣል። ብርድ ሳንባቸውን እየመታቸው እንኳ አይመለስም። ብርድ ልብስ ሰጠነው፤ እህልም ሰጠነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ይወጣል። ለዚህ ሰው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ የምደውልለት ሰውም አልነበረኝም።

ሐሙስ የክፍሉ ስብሰባ አለን። ሁለት ነገር ይዤ እገባለሁ፦ ተማሪው ወረዳ ላይ ከሚሠሩትና የአካባቢውን ቋንቋ ከሚችሉት ይመረጥ፤ ሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሶችን እየደገፈ ይለፍ። ጋሼ፣ የመርዶውን ሥርዓት በዝርዝር ጽፈው ቢልኩልኝ አያይዤ አቀርበዋለሁ።

የእድር ጸሐፊ፦ እጽፍልሻለሁ ልጄ። ቅዳሜ የእድር ስብሰባ አለን፤ ሴቶቹንም ጠይቄ ነው የምልክልሽ፤ እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ለሐሙስ ካልደረሰልሽ አስተላልፉት።