88፣ 45፣ 40፦ የልጄ ውጤት የትኛው ነው?

የሳቢያን እናት (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁም። የ10ኛ ክፍል ልጄ አጎቷ ከአሜሪካ ያስመዘገባትን የኦንላይን የሒሳብ ትምህርት ትከታተላለች። ዛሬ መጋቢት 25 ገጿን ከፍቼ ባየው ሦስት ቁጥር ተደርድሯል፦ እስካሁን ያለ ውጤት 88፣ የተጠናቀቀ 45፣ ጠቅላላ ውጤት 40 በመቶ። አባቷ 40ን ብቻ አይቶ «ወድቃለች» ብሎ ስልኳን ነጠቃት። እኔ የማውቀው ካርድ ነው፤ አማካይ፣ ደረጃ፣ የመምህር ፊርማ፣ አለቀ። ከ60 ትምህርት 27 ጨርሳለች። የሚያበቃው 06/05 ይላል። ሚያዝያ 28 ማለት ከሆነ 33 ቀን ለ33 ትምህርት ነው፤ ፋሲካም እሑድም የለም ማለት ነው። ትደርሳለች?

የሒሳብ መምህር (ሐረር)
እህቴ፣ በመጀመሪያ ስልኳ ይመለስላት። 88 የሠራችው ሥራ ውጤት ነው፤ ያልደረሰችባቸው 33 ትምህርቶች እዚያ ውስጥ አልተቆጠሩም። 40 ደግሞ ዛሬ ብታቆምና የቀረው ሁሉ ዜሮ ቢያዝባት የምታገኘው ነው። 88ን በ45 በመቶ ያባዙት፣ 39.6 ይመጣል። ያ ነው ወደ 40 የተጠጋጋው። ባለቤትዎ ያደረጉት መስከረም የገባችን ልጅ ጥር ላይ የዓመቱን ካርድ አምጪ እንደማለት ነው።

ይህ ስሌት የሚገጥመው ትምህርቶቹ እኩል ክብደት ሲኖራቸው ነው፤ የእሷ ስለገጠመ እንደዚያ ይመስላል። የማጠቃለያ ፈተናው ብቻውን 30 በመቶ የሚይዝበትም አለ። እዚያ ሁሉን ደፍኖ የጨረሰ ተማሪ እንኳን ፈተናው እስኪደርስ ጠቅላላው ከ70 አያልፍም። ስለዚህ የክብደቱን ዝርዝር ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈልጋ ታሳይዎት።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ቀኑን ደግመው ይዩት። አሜሪካውያን ወሩን ያስቀድማሉ፤ ትምህርቱ የእነሱ ከሆነ 06/05 ጁን 5 ነው፣ በእኛ ግንቦት 28። ሜይ 6 ብለው ቢያነቡትም ሚያዝያ 28 ላይ ይወድቃል። ሁለቱም 28 ላይ ማረፋቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው! ለማንኛውም ለመምህሩ ጽፋ ታረጋግጥ። ግንቦት 28 ከሆነ የቀራት 63 ቀን፣ ማለትም 9 ሳምንት ነው።

የማስረከቢያ ሰዓቱንም ልብ በሉ። በኒው ዮርክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ከተባለ፣ በዚህ ወቅት ለእኛ በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት በከንቱ አመሸሁ።

የሁለት ተማሪዎች አባት (መጋላ)
9ኙን ሳምንት በሙሉ አትደልድሉት። በሳምንት 4 ብትሠራ በ8 ሳምንት 32 ይሆናል፤ አንዷን በአንዱ ሳምንት ትጨምራታለች። የመጨረሻው ሳምንት መብራት ወይም ኢንተርኔት ለሚጠፋበት ቀን መጠባበቂያ ይሁን፤ ካልጠፋም ትከልስበታለች። ደግሞ የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ፤ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ልጅን ሒሳብ ሥሪ ማለት ግፍ ነው። የኔዎቹ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ፤ ቅሬታቸውም አብሮ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን አትመኑ፦ «የተጠናቀቀ» የሚለውን። ታናሹ ልጄ ቪዲዮውን ሳያይ ቁልፉን እየተጫነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከ30 ወደ 70 አደረሰው። ደስ ብሎኝ ሐባብ ገዛሁለት። በሳምንቱ ፈተናው ላይ ከ20 ያመጣው 6 ነበር።

የሳቢያን እናት (ድሬዳዋ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህሩ በዚያው ምሽት መለሱላት፤ ግንቦት 28 ነው። የክብደቱንም ዝርዝር አገኘነው፣ ሁሉም እኩል ነው። አባቷ አላመነም፤ ራሱ በወረቀት አባዝቶ 39.6 ሲመጣለት ዝም ብሎ ስልኩን መለሰላት። ከዚያ በር ላይ ደርሶ ዞር አለና «የቀረው 12 የት ሄደ?» አላት። አሁን ክርክሩ እዚያ ላይ ነው።