ኬፕ ታውን ላይ ፎቶ ለማንሳት፦ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ወይን ማሳው የትኛው ቦታ በየትኛው ሰዓት?

ካሜራ ይዞ ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ለሚሄድ ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ቦታ ከመምረጡ በፊት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ካርታ ላይ እንዲያይ ነው። ከከተማዋ ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ባሕረ ገብ መሬት ሁለት ፊት አለው። ምሥራቃዊው ፊት ፎልስ ቤይ ወደሚባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ፣ ምዕራባዊው ደግሞ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይመለከታል። እኔ ይህን ሳላስተውል በመጀመሪያው ጉዞዬ ቻፕማንስ ፒክ የተባለውን መንገድ በማለዳ ሄድኩበት። መንገዱ የተፈለፈለው በተራራው ምዕራባዊ ጎን ስለሆነ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ቀርታ ጠዋቱን በጥላ ውስጥ አሳለፍኩት። በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ስመለስ ያው ቋጥኝ እንደ ጋለ ብረት ቀልቶ ጠበቀኝ።

ቻፕማንስ ፒክ እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተ፣ 9 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 114 ኩርባዎች ያሉት የክፍያ መንገድ ነው። ከሃውት ቤይ ተነስቶ ኖርድሁክ ይደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አይታለፍም። ለእኔ ግን ከእርሱ የሚበልጠው ከጎርደንስ ቤይ ወደ ሮይ ኤልስ የሚወስደው ክላረንስ ድራይቭ ነው። ክፍያ የለውም፤ ግፊያውም ያነሰ ነው። ከሁሉም በላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከወሽመጡ ማዶ ባሉት ተራሮች ላይ ስለሆነ ሸንተረሮቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየደበዘዙ ሲደረደሩ ይታያሉ። እዚህ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ይዛችሁ ኑ፤ ሰፊው ሌንስ ያንን ድርድር ያሳንሰዋል።

አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ ግን ወደ ብላውበርግ ሂዱ። ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ቴብል ቤይ ከተባለው ሌላ ወሽመጥ ማዶ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ቴብል ማውንቴን (የጠረጴዛ ተራራ) ሙሉ ቅርጹን የሚያሳየው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ተራራው ላይ በገመድ መኪና ወጥቶ ያነሳል፤ ሲወጡ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ተራራው ላይ ቆሞ ተራራውን ማንሳት አይቻልም። ባሕሩ ሲሸሽ ከአሸዋው መካከል ድንጋዮችና የውኃ ኩሬዎች ይገለጣሉ። ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ኩሬው ውስጥ የተራራውን ነጸብራቅ ፈልጉ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲበረታ እርጥቡ የባሕር አየር ተራራውን ይወጣና ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ደመናው በጠፍጣፋው አናት ላይ ተዘርግቶ በገደሉ ይፈስሳል፣ ወደ ታች ሲወርድም ሞቆ ይተናል። የአገሩ ሰው የጠረጴዛ ልብስ ይለዋል። ያንን ያየሁበትን ምሽት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ነፋሱ ግን ለካሜራ ጠላት ነው። የካሜራውን ማቆሚያ በከረጢት ክብደት አስሩት፤ ጨዋማውን ጤዛ ከሌንሱ የሚጠርግ ንጹሕ ጨርቅ በኪሳችሁ ይኑር።

ለማለዳ በፎልስ ቤይ ዳርቻ ያለው ሴንት ጄምስ ይሻላል። ቀያይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡት የእንጨት ጎጆዎች ወደ ምሥራቅ ዞረው ስለቆሙ የመጀመሪያው ብርሃን በቀጥታ ያርፍባቸዋል፤ ከፊታቸው ያለው የባሕር መዋኛ ገንዳም ያንጸባርቃቸዋል። ፔንግዊኖቹን ለማየት ቦልደርስ ወደተባለው የባሕር ዳርቻ መሄድ ይቻላል። በባሕረ ገብ መሬቱ ደቡባዊ ጫፍ ያለው ኬፕ ፖይንት ግሩም ነው፤ በበጋ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ስለሚዘጋ ለምሽት ብርሃን አትመኩበት።

ወደ ወይን ማሳዎቹ ስንሻገር ጥያቄው ከሁለቱ የወይን ከተሞች ስቴለንቦሽ ወይስ ፍራንሽሁክ የሚል ነው። የእኔ መልስ ሁለቱም፣ ግን በተለያየ ሰዓት ነው። የፍራንሽሁክ ሸለቆ ከፍራንሽሁክ ከተማ በላይ ካለው የተራራ መንገድ ላይ ሲታይ በጠዋት ያምራል፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ማሳዎቹን ታበራለች። ስቴለንቦሽን ለአመሻሽ ተዉት። የዮንከርስሁክ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ስለቆሙ የመጨረሻው ብርሃን ያቀላቸዋል፤ ከሥራቸው የወይኑ ረድፎች ይዘረጋሉ። ጊዜ ለሌለው ለኬፕ ታውን ቅርብ የሆነው ኮንስታንሺያ በቂ ነው፤ እዚያ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1685 የተመሠረተው የወይን እርሻ ግሩት ኮንስታንሺያ ነጭ ግድግዳና ያጌጠ የጣሪያ ግንባር አለው።

ባሕርና ወይን በአንድ ቀን ለሚፈልግ የባሕር ዳር ከተማዋን ሄርማኑስን እጠቁማለሁ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ዓሣ ነባሪዎችን ከገደሉ መንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ፒኖ ኗርና ሻርዶኔ የተባሉት የወይን ዓይነቶች የሚበቅሉበት ሄመል ኤን አርደ ሸለቆም ቅርብ ነው።

የወይኑ ቅጠል ቀለሙን ሲለውጥ ማንሳት የሚፈልግ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይሂድ። በየካቲት ለቀማ ነው፤ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሰው ይበዛበታል። በሰኔና በሐምሌ ወይኑ ባዶ ግንድ ነው፣ ዝናቡም የሚዘንበው ያኔ ነው።

ስለ መጓጓዣ ከተነሳ፣ የፍራንሽሁክ የወይን ባቡር ለመዝናናት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ብርሃኑ በሚከርርበት ቀን ላይ ስለሆነ ለፎቶ አይመችም። አስጎብኚ አውቶቡስም እንደዚያው ነው። መኪና ተከራዩ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑን አትርሱ፤ ወይን ጠጅ የሚቀምሰውና መሪ የሚይዘውም አንድ ሰው አይሁን። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሰኔ ግን 12 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ብዙዎቹ የወይን እርሻዎች ከዚያ ቀድመው ስለሚዘጉ የበጋውን ምሽት ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆናችሁ አንሱ፤ ግቢ ውስጥ የካሜራ ማቆሚያ ከመትከላችሁ በፊትም ባለቤቶቹን አስፈቅዱ። በብሔራዊ ፓርኮች ድሮን ማብረር ክልክል ነው፤ የባሕረ ገብ መሬቱ ሰፊ ክፍል ደግሞ ፓርክ ነው። ጭር ባለ ቦታ ሲመሽ ብቻችሁን አትቁሙ፤ ካሜራም በመኪና ወንበር ላይ ትታችሁ አትውረዱ።