የጉማራና የርብ አፍ መዝጊያ፦ ረቂቅ ሁለት ላይ የተሰጠ አስተያየት

(ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በጣና ዳር ወደባቸው ወይም በሥራ ክፍላቸው ስም ነው።)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ነጭ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ አፋቸው ላይ እንዳይጠመድ ነው። ከሐምሌ 15 እስከ መስከረም 30 የሁለቱም ወንዞች አፍ ይዘጋል። ከአፉ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሐይቁም አንድ ኪሎ ሜትር መረብ አይጣልም። ቀረሶና አምባዛ የሚያሰግር ቦታ ይቀይራል እንጂ ሥራ አይፈታም። ለምልክት 12 ቢጫ ጀሪካን፣ ለጥበቃ ሁለት የሞተር ጀልባ። እስከ ሰኔ 10 ያልተናገረ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ናበጋ፦ ሁለት ወር ተኩል ምን ሊሆን? ነጭ ዓሣ ነሐሴ ላይ ወጥቶ ያልቃል።

መረብ ክፍል፦ አያልቅም። ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ቢያንስ ሰባት ዓይነት ነው፣ የሚወጣውም በየተራ ነው። አንዱ እንቁላሉን ጥሎ ሲመለስ ሌላው ገና አፉ ላይ ቆሞ ደራሽ ይጠብቃል። ነሐሴ መጨረሻ ከፈትን ማለት የኋለኞቹን ከነእንቁላላቸው አስረከብን ማለት ነው። ከ1983 እስከ 1993 ወንዝ ወጪው በሦስት አራተኛ ያነሰው እኮ መሐል ሐይቅ ላይ አልቆ አይደለም፤ አፉ ላይ እየተጠበቀ ነው። ቀረሶ እዚያው ዳር ስለሚራባ ይተካል። ይሄኛው አይተካም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀኑን ተዉትና፣ ቢጫ ጀሪካን ያለው ማነው? ሀገር ሁሉ ውኃ የሚቀዳበትን ዕቃ ሐይቅ ላይ አስሮ መሄድ! በሦስተኛው ሌሊት ገመዱ ተቆርጦ ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ለዚህ አልፈርምም።

ቁንዝላ፦ የጀሪካኑን አፍ ሰፋ አድርጋችሁ ቅደዱና ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ሃይላንድ ጠቅጥቁበት። ግማሽ ሊትሩ ይሻላል፣ ክፍተት አይተውም። ውኃ ቢገባም ይንሳፈፋል፣ የተቀደደ ስለሆነም ለማንም አይረባም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሃይላንዱስ ከየት ይመጣል?

ዋገጠራ፦ ሌባው ይቅርና ድንጋዩን አስቡ። ጉማራ በክረምት ደለል እንጂ ውኃ አያመጣም። መልሕቅ ብለን የምንጥለውን ድንጋይ በሳምንታት ውስጥ ይቀብረዋል፣ መስከረም ላይ ገመድ ቆርጦ መተው ነው።

መረብ ክፍል፦ ስለዚህ ድንጋይ አይሁን፣ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይሁን፤ ለማንሻ ሌላ ቀጭን ገመድ ከማዳበሪያው አፍ ላይ ይታሰር። ሌላም አለ፦ ሰኔ ላይ ሁለት ሜትር ያገኛችሁበት ቦታ መስከረም ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል። በሰኔው ልክ የታሰረ ጀሪካን ይሰጥማል። ስድስት ሜትር ገመድ ቁረጡ፣ አጋማሹ ላይ ጡጫ የምታህል ድንጋይ እሰሩበት። ያለበለዚያ ትርፉ ላይ ላዩን ተንሳፍፎ የራሳችንን ጠባቂ ጀልባ ፕሮፔለር ይጠመጥማል።

ደልጊ፦ እምቦጭ ሲመጣስ? ንፋስ የገፋው ምንጣፍ ገመዱ ላይ ተቆልሎ ከነማዳበሪያው ይጎትተዋል። ደግሞ ሞኖ የሚሉትን ስስ የፕላስቲክ መረብ የሚጥል ሰው በሌሊት ጥሎ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚያነሳ። ጨለማ ላይ ቢጫ ምን ሊጠቅም?

ናበጋ፦ አንጸባራቂ ፕላስተር ይለጠፍበት። ስማችንም ይጻፍበት፤ ጉማራ አፍ የኛ ነው።

ዋገጠራ፦ የናንተ? ማን ሰጣችሁ? አፉን የሚጠብቅልህ ማን ሆኖ ነው በስምህ የሚጻፈው? የናበጋ ስም ያለበትን ጀሪካን የኛ ልጆች አይነኩትም፣ አይጠብቁትምም።

ናበጋ፦ ድሮም አልጠበቃችሁ።

ዋገጠራ፦ አንተ ሰውዬ፣ ዓምና በዝግ ወር መረባቸው የተያዘው እነማን ነበሩ? ልናገር እንዴ?

ጎርጎራ፦ ኧረ ጀሪካን ነው፣ ድንበር አይደለም!

ወንዝ ዳር፦ አንድ ነገር ልበል። ዓሣው አፉን አልፎ ቢወጣም የሚጥለው ጠጠር ላይ፣ ጥርት ብሎ በሚፈስ ውኃ ነው። በጉማራ ገባሮች ላይ ጠጠሩ በመኪና ለግንባታ እየተጫነ ነው። ቀሪው ቦታ ላይ ደግሞ ዓሣ የሚያደነዝዝ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተናል፣ ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይገለበጣል። ርብ ላይ ግድብ ቆሟል። ከቀበሌዎቹ ጋር ሳንነጋገር አፉን ብቻ ብንዘጋ ዓሣውን አሳልፈን ለብርብራ ሰጠነው። ረቂቁ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ።

ናበጋ፦ ስም ካልተጻፈ ቁጥር ይጻፍ። ከ1 እስከ 12፣ አንድ ቁጥር ከኛ ይጀምር።

ዋገጠራ፦ ከርብ ይጀምር።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጥር ቀለም ይፈልጋል። ቀለም በጀት ውስጥ የለም።

መረብ ክፍል፦ ጋሼ፣ ከነዳጁ ላይ ይነሳ። ግን ጀልባዎቹ የታሉ? ባለፈው «እኔ አለሁ» ብላችሁ እጅ ያወጣችሁ አራት ሰዎች ነበራችሁ፣ እስካሁን አንዳችሁም አልጻፋችሁም። ለአንድ ሌሊት ዙር ሁለት ሰውና አንድ ባትሪ በቂ ነው።

ደልጊ፦ የኔ ሞተር ጋራዥ ነው።

ዋገጠራ፦ ናበጋ፣ ተናድጄ ነው። ቁጥሩ ከየትም ይጀምር።

ናበጋ፦ እኔም አበዛሁት፣ ይለፍ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ ሦስት፦ የጉማራ አፍ ብቻ፣ ከነሐሴ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ። ርብ ለከርሞ። ጀሪካን 24 (ግማሹ መለዋወጫ)፣ ቀለም፣ ፕላስተር፣ ማዳበሪያ፣ እንዲሁም ዕቃው ክረምት ከበጋ የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ መጋዘን። የነዳጁ ገንዘብ ወደ መጋዘኑ ዞሯል። ጥበቃ በየወደቡ ፈቃደኝነት። የወንዝ ዳሩ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

መረብ ክፍል፦ መጋዘን ማን ጠየቀ?

ገንዘብ ያዥ፦ መጋዘን ካለ እፈርማለሁ። ሃይላንዱን ግን የሚሰበስብ ሰው ስም ጻፉልኝ።

ቁንዝላ፦ ክዳኑ እንዳይጠፋ ብቻ።