እስከ 225 ዲግሪ የሚሠራ የሴንሰር ቺፕ ንድፍ፦ የሲሙሌሽኑን ውጤት ላምነው?

ጥያቄ (ከጅማ)

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ጅማ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በኬብል ወደ ጂኦተርማል ጉድጓድ ለሚወርድ መለኪያ የሴንሰር ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ መንደፍ ነው። እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባሉ ቦታዎች የጉድጓድ ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ መሣሪያው የሙቀት መከላከያ ይኖረዋል፤ ቺፑ ግን እስከ 225 ዲግሪ እንዲሠራ አስቤአለሁ። ኃይሉ ከላይ በ200 ቮልት ይላካል። በነጻ የሚገኘውን የስካይዋተር ፋብሪካ 130 ናኖሜትር ዲዛይን ኪት (የፋብሪካው የትራንዚስተር ሞዴሎችና የንድፍ ደንቦች ስብስብ) ይዤ ኤንጂስፓይስ በተባለው የሰርኪዩት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ስሞክረው በ225 ዲግሪም የሚሠራ ይመስላል። ይህን ውጤት ልመነው? 200 ቮልቱንስ እዚያው ቺፕ ላይ ላስተናግደው?

መልስ 1

አይመኑት። የትራንዚስተር ሞዴል የሚታመነው ልኬት በተወሰደበት የሙቀት ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ቀመሩ ቁጥር መስጠቱን አያቆምም፣ ቁጥሩ ግን ከእውነተኛው ሲሊኮን ጋር ላይገናኝ ይችላል። በተለይ በዌሉ (ትራንዚስተሩ በተቀመጠበት የሲሊኮን ክፍል) እና በሰብስትሬቱ (ከሥሩ ባለው የቺፑ መሠረት) መካከል ያለው ዳዮድ በስኬማቲኩ (በሰርኪዩቱ ሥዕል) ላይ ካልተሳለ ሲሙሌሽኑ ጭራሽ አያየውም። የዚህ ዳዮድ ሊኬጅ (ሾልኮ የሚያልፈው ከረንት) በየ10 ዲግሪው በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ በ25 ዲግሪ 1 ፒኮአምፒር የነበረው በ225 ዲግሪ ወደ 1 ማይክሮአምፒር ይጠጋል። በዚያ ላይ በቺፑ ውስጥ ሳይፈለጉ የሚፈጠሩትን ትራንዚስተሮች የሚያስነሳው የቤዝ-ኤሚተር ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ያህል እየቀነሰ የዌሉ ሬዚስታንስ ስለሚጨምር ላች-አፕ (ቺፑን ሊያቃጥል የሚችል፣ ራሱን የሚያቆይ አጭር ዙር) በቀላሉ ይነሳል። ለ225 ዲግሪ የሚመረጠው ኤስ.ኦ.አይ (በኢንሱሌተር ላይ የተሠራ ሲሊኮን) ነው፤ ከትራንዚስተሩ ሥር ያለው ኦክሳይድ ያንን ዳዮድ ከነጭራሹ ያስቀረዋል። ኦክሳይዱ ሙቀትንም ስለሚያግድ ግን ብዙ ኃይል የሚያባክን ትራንዚስተር ራሱን እንዳያግል ይጠንቀቁ።

መልስ 2

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ተማሪ የኤስ.ኦ.አይ ፋብሪካ ማግኘት ቀላል አይደለም። እኔ ብሆን ግቡን ወደ 175 ዲግሪ ዝቅ አድርጌ በተራው ሲሊኮን እሠራ ነበር፤ ፈታኞችም በልኬት የተደገፈን 175 በወረቀት ላይ ብቻ ካለ 225 ይመርጣሉ ብዬ አምናለሁ። ሙቀት ሲጨምር የትራንዚስተሩ ትሬሾልድ ቮልቴጅ (መክፈቻው) ይወርዳል፣ ሞቢሊቲውም (የኤሌክትሮኖቹ የመንቀሳቀስ ቅልጥፍና) ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ከረንቱን ሲያሳድግ ሁለተኛው ስለሚያሳንሰው፣ ሁለቱ የሚካካሱበትን የጌት ቮልቴጅ ፈልገው ትራንዚስተሩን እዚያ ነጥብ ላይ ያሠሩት። ሰርኪዩቱን ዲፈረንሻል (የሁለት ተመሳሳይ ጎኖችን ልዩነት የሚያነብ) ካደረጉትና የሁለቱንም ጎን ዳዮዶች ስፋት እኩል ካደረጉ ሊኬጁ በአብዛኛው ይካካሳል። ካፓሲተር ላይ የሚያዝ ቮልቴጅ ካለ የሚያዝበትን ጊዜ ያሳጥሩ። ኤሌክትሮማይግሬሽን (ከረንት የብረቱን አቶሞች እየገፋ መስመሩን ማሳሳቱ) ከሙቀት ጋር በኤክስፖነንሻል ስለሚፋጠን የብረት መስመሮቹንም ሰፋ ያድርጓቸው።

መልስ 3

ስለ 200 ቮልቱ፦ በዚህ ኪት ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ትራንዚስተሮች 20 ቮልት ገደማ የሚችሉ ናቸው፤ ስለዚህ አይሞክሩት። ቮልቴጁን በሌላ ሰሌዳ ላይ በሲሊኮን ካርባይድ ትራንዚስተር ያውርዱት። የሲሊኮን ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን ተላቆ ከረንት እንዲያስተላልፍ የሚያስፈልገው ኃይል) 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን የሲሊኮን ካርባይዱ 3.26 ገደማ ነው፤ የሚቋቋመው የኤሌክትሪክ ፊልድም ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። የናሳ ግሌን ማዕከል ከዚህ ቁስ የሠራቸው ሰርኪዩቶች በ500 ዲግሪ ለሺዎች ሰዓታት ሠርተዋል። በሰሌዳው ላይ ለሚተዉት የአየር ክፍተት የተለመዱት ሰንጠረዦች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚያገለግሉ ስለሆኑ ጅማ ላይ እንዳሉ ይሠራሉ፤ መሣሪያው አዲስ አበባ የሚፈተሽ ከሆነ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ክፍተቱን ያስፉት።

መልስ 4 (ከጅማ)

እኔ የምጨምረው ስለ ማሸጊያውና ስለ ፍተሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሲሊኮኑ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነውና። የሴራሚክ ማሸጊያ ይጠቀሙ። የወርቅ ሽቦ በአሉሚኒየም ፓድ ላይ በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ መጋጠሚያው ውስጥ ባዶ ቦታ እየፈጠረ ይላቀቃል፤ የአሉሚኒየም ሽቦ ይሻላል። ሊድ አልባው የተለመደ ብየዳ በ217 ዲግሪ ይቀልጣል። ቺፑ ወደሚሞከርበት ምድጃ የሚገባው ሽቦ የቴፍሎን ሽፋን ይኑረው። ደግሞም በእኛ ክረምት እርጥበቱ በሰሌዳው ገጽ ላይ የራሱን ሊኬጅ ስለሚፈጥር፣ የክፍል ሙቀቱን የፒኮአምፒር ልኬት ከመውሰድዎ በፊት ሰሌዳውን አጥበው በምድጃ ያድርቁት።

ጠያቂ

ከልብ አመሰግናለሁ። ግቡን 175 ዲግሪ አደርጋለሁ፣ 200 ቮልቱንም ከቺፑ አወጣለሁ። ሊኬጁን ለመለካት የሙከራ ዳዮዶች ብጨምር መጠናቸው ምን ያህል ይሁን?

መልስ 1

መጠኑን ሳይሆን ቅርጹን ይለዋውጡ። አንዱን ሰፊ ካሬ፣ ሌላውን በስፋት እኩል የሆኑ ብዙ ቀጫጭን ጣቶች ያድርጉት፤ ከልዩነታቸው ከወለሉ የሚመጣውንና ከጠርዙ የሚመጣውን ሊኬጅ ለይተው ያገኛሉ። ልኬቱን ከ100 ዲግሪ ጀምሮ በየ25 ዲግሪው ይውሰዱ።