የአባቴን ቮልስ ከመሸጤ በፊት ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። የአባቴ ቮልስ ግቢያችን ቆማለች። የኋላ መስኮቷ ሞላላ ነው። እንዲህ ያሉት የተሠሩት እንደ ፈረንጆቹ ከ1953 እስከ 1957 ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ደላላው ግን "ቮልስ እኮ በሽ ነው" ይለኛል። ልክ ነው፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ባለ ሞላላ መስኮቷ ግን ሌላ ነገር ናት።

የጨነቀኝ ሞተሩ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይገጥማል። ከዲናሞው ሥር የተመታው የሞተር ቁጥር ግን አይገጥምም። ለካስ አባቴ ሞተር ቀይሮ ኖሯል! ዋናውን ጓዳ ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

ወንድሜ ቀለም ቀብተን እንሽጣት ይላል። እኔ ቢደበዝዝም የፋብሪካ ቀለሟ አይነካ ባይ ነኝ። ሞተሩን አስጠግኜ ልመልሰው ወይስ አብሬ እንዳለ ልሽጠው? ገዢው ቅዳሜ ይመጣል፤ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ ድረሱልኝ።