ቆቃ ግድብ አርጅቷል ይላሉ፤ አዋሽ ዳር ሽንኩርት ልትከል ወይስ ልተው?

ጠያቂ (ወንጂ አካባቢ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቆቃ በታች፣ አዋሽ ዳር ግማሽ ሄክታር ተኮናትሬአለሁ። ዘሩን ሰኔ መጨረሻ አፍልቼ ነሐሴ አጋማሽ ላዛውር አስቤ ነበር። ሰዉ ግን «ግድቡ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አንድ ቀን ይደረመስና ይጠርግሃል» እያለ አስፈራራኝ። የምታውቁ ብትመክሩኝ።

ሲቪል መሐንዲስ፦ ወንድሜ፣ ቆቃ በ1952 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ የኮንክሪት ግድብ ነው። ውሃውን የሚገታው በገዛ ክብደቱ ስለሆነ ዕድሜ ብቻውን አይጥለውም። እንዲህ ባለ ግድብ ባለሙያ አጥብቆ የሚከታተለው ከመሠረቱ ሥር ሰርጎ ወደ ላይ የሚገፋውን ውሃ ነው። ያንን የሚያስተነፍሱት ቀዳዳዎች ከተደፈኑ የግድቡ ክብደት የቀነሰ ያህል ነው። በሮቹም በወቅቱ መከፈት መቻል አለባቸው። ለአንተ ማሳ ግን ከመደርመሱ ይልቅ ደለሉ ያሳስበኛል።

የሐይቁ ዳር ልጅ፦ ደለሉማ! አዋሽና ሞጆ ወንዝ በየክረምቱ የሚያመጡትን ጭቃ መጥታችሁ ብታዩ። ሐይቁ መጀመሪያ ወደ 1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ቦታ በአፈር ተይዟል። ስለዚህ ቶሎ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ዶፍ ሲመጣ ውሃ መልቀቅ ግድ ነው፤ የሚለቀቀውም ወደ እናንተ ነው። ደግሞ ግድቡ ባይኖር ሙሉው ጎርፍ ሳይገራ ይደርስባችሁ ነበር፤ ይህንንም አትርሱ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?

የመርቲ ገበሬ፦ ነሐሴ ላይ አታዛውር፣ ዝናቡ ራሱ በሽታ ያመጣበታል። ዘሩን ነሐሴ አጋማሽ ከፍ ካለ ቦታ ላይ አፍላ፤ ችግኙ ከመስቀል በኋላ ይደርስልሃል፣ ወንዙም ያኔ ይጎድላል። የውሃ ሞተርህን ማታ ማታ ዳር አታሳድር። ውሃ ሊለቀቅ ሲል ማን እንደሚነግርህ ከአሁኑ ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ፣ ስልክህንም አስመዝግብ።

ከዱብቲ (አፋር፣ የአዋሽ ታችኛው ክፍል)፦ እኛስ ጋ? ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሁሉም ቆቃን ይረግማል።

ሲቪል መሐንዲስ፦ እናንተ ጋ ሁሉንም በቆቃ ማሳበብ አይቻልም። ከሰም፣ ሚሌና ሎጊያ የተባሉት ወንዞች አዋሽን የሚቀላቀሉት ከቆቃ በታች ነው። ቆቃ እነሱን ሊይዝ አይችልም። የእነሱንም ዝናብ ተከታተሉ።

ጠያቂ፦ መሬቱ ዝቅ ያለ ይሁን ከፍ ያለ በዓይኔ መለየት አቃተኝ።

የመርቲ ገበሬ፦ ዳር ያሉትን ዛፎች እይ። ያለፈው ጎርፍ ገለባና ላስቲክ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ማሳህ መሃል ቆመህ ስታየው ገለባው ከጉልበትህ በላይ ከሆነ፣ ባለመሬቱን ኮንትራቱ ከጥቅምት ይጀምር ብለህ ተደራደረው።